ከአራሷ አልጋ ሥር

በአፋር በኩል መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ቆቦ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ እንኳ ልቤ ይዘላል። ፈሪ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ! ያን ሰሞን ደግሞ ሚስቴ አራስ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጃችን ገና ክርስትና አልተነሳም።

የውኃ ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያጠና ባለሙያ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው መንደራችን የመጣው ያኔ ነው። የመሬትን የማግኔት ኃይል የሚለካ መሣሪያ ተሸክሞ በማሽላው መሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ እኔ መንገድ አሳየዋለሁ። «ከደለሉ ሥር ጥቁር ድንጋይ አለ። ድንጋዩ በተሰበረበት የመሣሪያው ቁጥር ይዘላል፤ ውኃም ስብራቱን ይከተላል» አለኝ። ብረት ልኬቱን ስለሚያበላሽበት ቢላዬን ሳይቀር አስፈትቶኛል።

ጓሮዬ ስንደርስ ቁጥሩ ዘለለ። ክው አልኩ፤ መሬት የሚንቀጠቀጠው እንዲህ ባለ ስብራት ላይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

«ቤት ውስጥ ብረት ካለ አውጡልኝ፤ እሱም ሊሆን ይችላል» አለ።

እፎይ! ማረሻውንም መጥረቢያውንም እየሮጥኩ አወጣሁ። የቀረው ከአራሷ ትራስ ሥር ያለው ማጭድ ነው።

«እሱንማ አትነካውም!» አሉ አማቴ በሩን ዘግተው ቆመው። «አራስ ያለ ብረት ትተኛለች እንዴ? ሰይጣን ይጫወትባት?»

እሱንስ እኔም እፈራለሁ። ግን የመሬቱ ፍርሃት በለጠብኝ። «እማማ፣ ለአንድ አፍታ፣ በእመቤቴ!» ብዬ ለመንኳቸው። ሚስቴ ራሷ ማጭዱን መዝዛ አቀበለችኝ፤ አማቴ ልጁን እቅፍ አድርገው ማማተብ ያዙ።

ባለሙያው እንደገና ለካ። እባክሽ እመቤቴ፣ ማጭዱ ይሁን እያልኩ ቆሜያለሁ። ሰውዬው ቁጥሩን አየ፤ ቤቴንም አየና ደብተሩ ላይ መጻፍ ጀመረ።

«ኧረ ይናገሩ ኢንጂነር!»

«ብረቱ አይደለም። ስብራቱ በቤትህ ሥር ያልፋል። ደስ ይበልህ፣ ውኃ ሳይኖር አይቀርም።»

ደስ ይበልህ ይለኛል! «ይንቀሳቀሳል ወይ?» አልኩት።

«የቆየ ስብራት ነው። መቼ እንደሚንቀሳቀስ ግን ማንም አያውቅም።»

አማቴ ሁሉንም ሰምተዋል። አራስ ደጅ አትወጣም ሲሉ የከረሙት ሴትዮ፣ ልጁን በነጠላ ሸፍነው ሚስቴን «ተነሽ!» አሏትና ቀድመው ወጡ። ግቢው መሃል ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይኼ ስብራት ያልከው እስከ የት ነው?»

«እንዲህ ያለውማ ሜዳውን ሞልቶታል እናቴ» አለ ባለሙያው፤ እጁን ከደቡቡ ሮቢት ወደ ሰሜኑ ዋጃ እየዘረጋ።

አማቴ እግራቸው ሥር ያለውን መሬት አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን።

«ታዲያ ይህን ልጅ የት ላስቀምጠው?»

እጃቸው ሲዝል ልጁን ተቀበልኳቸው። እኔም ማስቀመጫ አጣሁ።