ዳገት ያስወጣኝ ዳቦ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው የሴሚስተር እረፍት ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ብስክሌት ባየሁ ቁጥር ነገሩ ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ሰው እብድ ነው ሳይለኝ ምክንያቱን ልጻፈው ብዬ ነው።

ከጭሮ እስከ አሰቦት ብቻዬን በብስክሌት መሄድ የቆየ ምኞቴ ነበር። እናቴ ግን እሺ አትልም ነበር። አሰቦት ያለችው አክስቴ የሥላሴን ማኅበር የምትደግስበት ተራ ሲደርስ ፈቀደችልኝ፤ የማኅበሩን ድፎ ዳቦ እንዳደርስ። ቄሱ ባርከው እስኪቆርሱት ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀችኝ።

"ትንሽ ቢሸረፍ፣ ሳይክል የሚባል ነገር ዳግመኛ አትነካም" አለችኝ።

ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ በገመድ አሰረችው። ከኋላ ጭኜው ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረድኩ የጫት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። እኛ አገር የጫት መኪና ሲመጣ አህያም ቦታ ይለቃል። እኔም ለቅቄ አቧራ ውስጥ ገባሁ። ብዙ ሳልርቅ ግን ያው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት። ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልክድም።

"አቦ ባለሳይክሉ!" አለኝ ሹፌሩ። "ታች ዳገቱ ስር የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። መኪናው ተበላሽቷል፣ ትንሽ ታገሱ ብሏችኋል በላቸው።"

"እሺ ጋሼ፣ አደርሳለሁ" አልኩት። እንዳልረሳው መንገዱን ሙሉ ለራሴ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

ቆላው ስደርስ ፀሐዩ ከረር ብሏል። ዳገቱ ስር ሰዎች ተኮልኩለው ያዛጋሉ። ወረድኩና በሥርዓት ጀመርኩ።

"እንደምን ዋላችሁ? የጫት መኪናው ሹፌር ልኮኝ ነው..."

ከዚያ በላይ አላስጨረሱኝም። ዓይናቸው ኮባው ላይ አረፈ። ጫት በፀሐይ እንዳይጠወልግ የሚጠቀለለው በኮባ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት።

"ዱፌ! ዱፌ! መጣ!" አለ አንዱ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸ፣ እየዘለለ። "ሹፌሩ ጀግና ነው፣ በሳይክል ላከው!"

"ዳቦ ነው" አልኩ።

"እሱማ ዳቦ ነው!" አለ ሙሜ የሚሉት ግዙፍ ሰውዬ እየሳቀ። "ኬላ ላይም እንደዚሁ በል! ይልቅ ውጣ፣ ተቀመጥ፣ እንዳይጠወልግብን!"

መቃሚያ ቤታቸው ከዳገቱ አናት ላይ ነው፤ የእኔም መንገድ በዚያው ነው። አራት ሆነው ከነብስክሌቴ ከኋላ ይገፉኝ ጀመር። እግሬ ዝሎ ነበርና ሁለተኛ ጊዜ "ዳቦ ነው" ያልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ሦስተኛውን ለአናቱ አቆየሁት።

አናቱ ላይ ሙሜ ገመዱን መፍታት ሲጀምር ግን ሳቄ ጠፋ። "እባክህ ጋሼ፣ የማኅበር ነው! ሳይጸለይበት አይነካም!" ብዬ ጮህኩ። ኮባው ተገለጠ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየ።

"ወላሂ ዳቦ ነው" አለ ሙሜ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከዚያ እጁን ዘረጋ። "እንግዲህ እሱም ቢሆን..."

አባ ጀማል የሚባሉ ሽማግሌ እጁን በከዘራቸው ቸብ አደረጉት።

"ልጁ የጸሎት ነው ሲል አልሰማህም? ሐራም ነው፣ ተው!"

ይኼኔ መልእክቴን ጨረስኩ። "መኪናው ተበላሽቷል፣ ትንሽ ታገሱ ብሏችኋል።"

"ይሄን ታች ሆነህ አትነግረንም ነበር?" አለ ሙሜ ላቡን እየጠረገ።

አባ ጀማል በሳቅ እየተንፈቀፈቁ ዳቦውን ራሳቸው መልሰው ጠቀለሉት። አስተሳሰራቸው ከእናቴ ይበልጥ ነበር። ጉዱም የመጣው በዚህ ነው።

አክስቴ ዳቦውን ስትቀበለኝ ቋጠሮውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ይህ የጫት ቋጠሮ ነው" አለች በማኅበርተኛው ፊት። "አንተ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ይሄን እንድትማር ነው?"

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳሁ። ቄሱ ሳቃቸው እስኪያልፍ ዳቦው ሳይባረክ ቆየ። ሲቆረስ ግን ምንም አልተሸረፈም ነበር።

አክስቴ እስከ ዛሬ ስታገኘኝ አፌን ታሸታለች። እኔ ግን ያን ዕለት ሳስበው ደስ ይለኛል። እናቴ በቀደም "ሌላ ጊዜ ዳቦውን በካርቶን አደርግልሃለሁ" ስትለኝ፣ ኮባ እንደሚሻል በትህትና ነገርኳት። ዳገቱ እኮ አሁንም እዚያው ነው።