ከቋጥኙ ሥር

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከይጁቤ ወጣ ብሎ፣ ከትልቅ ቋጥኝ ሥር በተሠራች ጎጆ ነበር። አባቴ ሞቷል። ሲመሽ እኔና እናቴ ወደ ታላቅ ወንድሟ ወደ አያ ደሴ ቤት እንሄዳለን፤ ጎረቤቶችም ይመጣሉ። የወይራ ፍልጥ ይጨሳል፣ የኩራዙ ጥላሸት አፍንጫችን ውስጥ ይገባል፣ አጎቴም ጋቢውን ተከናንቦ ፍሙን እያየ ተረት ያወራል። ተረቱ ያምር ነበር። ያኔም ቢሆን ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

መጀመሪያ የሰማሁት እንዲህ የሚል ነበር፤ አንድ መናኝ ቋጥኙን ተደግፎ ሰባት ዓመት ስለጸለየ እስከ ምጽአት አይነቃነቅም። በሚቀጥለው ክረምት ቋጥኙ ላይ ስንጥቅ ታየ። ያን ዓመት ስንጥቁ መናኙ የሚገባበት በር ሆነ። የሾላ ሥር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲያብጥ፣ ሥሩ የመናኙ መቋሚያ ነው ተባለ። ከላይ ስብርባሪ እየረገፈ ክዳናችን ላይ መውደቅ ሲጀምር ደግሞ አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ድንጋይም እንዳንቺ ጥርሱን ይቀይራል» አለኝ።

የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበርና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቋጥኙ በተለወጠ ቁጥር ተረቱም እንደሚለወጥ ልብ ብዬ ነበር።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት የሰፈሩ ወንዶች ስንጥቁን እንደ ቤት ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመርጉታል፤ ብርድ እንዳይገባው ነው ይላሉ። ምርጊቱ ውሃውን አላገደም፤ የጋረደው የእኛን ዐይን ነው። በኋላ ከመጻሕፍት እንደተረዳሁት፣ ውሃ ከላይ ሰርጎ ድንጋዩን ውስጥ ውስጡን ያበሰብሰዋል፣ ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ውርጭ ያኮማትረዋል፣ ሥሩም መግፋቱን አይተውም። ያኔ ይህን ማን ነግሮኝ። ጭቃው ባልደረሰበት በኩል አንድ የሸምበቆ ቁራጭ አጥብቄ ወተፍኩ። መስከረም ላይ ሳየው ወድቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ መልሼ ብከተውም ስንጥቁ ሰፍቶ አልያዝ አለኝ። ለእናቴ ነገርኳት።

እናቴ ጎጆዋን ነቅላ ከአባቷ በደረሳት እርሻ ላይ መትከል ከፈለገች ቆይታለች። እርሻውን ግን አያ ደሴ እንደ ራሱ ያርሰው ነበር፤ ነገሩን ባነሳች ቁጥር መናኙን ያነሳባታል። ያን ዕለት ማታ ተረቱ ሊጀመር ሲል፣ ጎረቤቶቹ ፊት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር ተናገረች።

«አያ ደሴ፣ ቋጥኙ የማይወድቅ ከሆነ ቤት እንለዋወጥ። አንተ ከመናኙ ጋር እደር፣ እኔ እዚህ ልግባ።»

እሱ ፍሙን ቆሰቆሰ። ሚስቱ ቀድማው፣ «እኔስ ልጆቼን ይዤ እዚያ አልገባም» አለች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«በል እንግዲህ ደሴ፣ እርሻዋን ልቀቅላት» አሉ።

ጎጇችን እርሻው ላይ የተተከለችው ጥቅምት ሳይወጣ ነው። ቋጥኙ ከዓመታት በኋላ፣ ዝናብ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ ወደቀ። ምድጃችን የነበረበትን ቦታ ዛሬ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

አገሩን ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እናቴም አያ ደሴም አልፈዋል። በቅርቡ የአያ ደሴ የልጅ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። ከሰላምታው በኋላ የቋጥኙን ታሪክ አመጣ። መናኙ በሕልም ለአያቱ ነግሯቸው፣ አያቱም እምቢ አልወጣም ያለችውን እህታቸውን ለምነው፣ የገዛ እርሻቸውን ሰጥተው አተረፏት አለኝ።

«እርስዎ ሕፃን ስለነበሩ አያስታውሱትም፣ እትዬ።»

ቀጥሎም ከእንግዲህ የማልመለስ ከሆነ ያቺ የአያቱ እርሻ ወደ ባለቤቶቿ ብትመለስ ምን እንደሚመስለኝ በትሕትና ጠየቀኝ። እንደማስታውስ ነገርኩት፤ እርሻዋ የእናቴ መሆኗንም ነገርኩት።

ከእነዚያ ምሽቶች የቀረኝ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ያማረ ተረት ስሰማ፣ ተራኪው የማንን መሬት እንደሚያርስ ሳልጠይቅ አላልፍም።