ከጅቡና ከአህያዋ

አጎቴ ቸኩሎ የሚመልስ ሰው አይወዱም ነበር። ውጭ አገር ሲማሩ የተቀበሉት የኩዌከር እምነት በዝምታ የሚጸለይበት ነው፤ ላሊበላ መጥተው ሲያስተምሩንም ዝምታው አልተለያቸውም። አፈ ታሪክንና ሥነ ልቦናን አጥንተው ስለመጡ ተረት ያስነግሩንና ዝም ይላሉ፤ ከዚያ፣ «አንቺስ ከተረቱ ውስጥ የትኛው ነሽ?» ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ አንድ ቀን፣ አህያዋ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የምትልበትን ተረት እየተናገርኩ ሳለ ካድሬ ገባ።

«የጅብ ተረት ነው የምታስተምሩት? አብዮቱን እያደናቀፋችሁ ነው!»

ሰው በትንሽ ነገር የሚታሰርበት ዘመን ነበር። አጎቴ ዝም አሉ፤ ክፍሉም አብሯቸው ዝም አለ። ቆይተው በቀስታ፣ «ጓድ፣ እርስዎስ የትኛው ነዎት?» አሉት። ካድሬው መሬት መሬት ሲያይ ቆየና፣ «እኔ እንኳ ድሮ አህያዋ ነበርኩ» ብሎ ወጣ። ዳግመኛ አልመጣም። እኔም ይህን ሁሉ ለአባቴ ነግሬያቸው ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ወንድማቸው፣ አጎቴ፣ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት ስለተዉ አባቴ ደጃቸውን ሳይረግጡ ዓመታት አለፉ። ትናንት ግን በአጎቴ ሰልስት መጥተው ከሟቹ ባዶ ወንበር ፊት ተቀመጡ። ጸሎት ይጀምራሉ ብለን ብንጠብቅ ዝም አሉ። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እኔስ የትኛው ነበርኩ?»

እንደ አጎቴ፣ ወዲያው አልመለስኩላቸውም።