በጭስ ያረጁ ሸረሪቶች

ሌዎካዲያን የማውቃት እሑድ እሑድ ከተማችን ዳር በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። እኔ አሮጌ ሰዓትና የመዝጊያ ቁልፍ እሸጣለሁ። እሷ ደግሞ ከጎኔ ጠረጴዛዋን ዘርግታ፣ በላዩ የእንጨት መስቀያ አቁማ፣ ሸረሪቶቿን ታንጠለጥል ነበር። ሸረሪት የምንለው የጣሪያ ጌጥ ነው። የእህል አገዳ በልክ ተቆርጦ በክር ይሰካል፤ በየመጋጠሚያው ከስስ ወረቀት የተሠራ አበባ ይታሰርበታል። ሰው በሥሩ ሲያልፍ ቀስ ብሎ ይዞራል። በየገበሬው ቤት ገና ሲደርስ ይሰቀልና፣ ዓመቱ ሲሞላ ምድጃ ውስጥ ተጥሎ በአዲስ ይተካል።

ያኔ ሰባ አንድ ዓመቷ ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ የላትም። ምላሷ ስለት ነው። ከዋርሶ የሚመጡት ገበያተኞች ወደ ጠረጴዛዋ ጠጋ ይሉና ይጠይቃሉ።

«ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አራት ቀኑ።»

«አሮጌ የለዎትም?»

«እኔ አለሁ። ግን ጣሪያ ላይ መሰቀል አልወድም።»

ይስቁና ወደ እኔ ይዞራሉ። ምንም የማይከፍት የዛገ ቁልፍ ያነሳሉ፣ መዳፋቸው ላይ ይመዝኑታል፣ ያሸቱታል። አልፈርድባቸውም። የማያውቁት ሰው እጅ ያለሰለሰው ዕቃ ሲነኩ ፊታቸው ይለወጣል። ማንኪያ ላይ የተቀረጸ የአንዲት ሙሽራ ስም አግኝታ ማንኪያውን ደረቷ ላይ የለጠፈች ሴት አይቻለሁ። እኔም ራሴ እንጀራዬን የምበላው ከዚያ ነው። ሌዎካዲያ ግን አዲሱን አሮጌ ነው ብላ አታውቅም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሰቀለችውን መልሳ በካርቶን ይዛ አውቶቡስ ትሳፈራለች።

ታናሽ እህቷ ኦቲሊያ አደባባዩ ላይ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነበራት። እውነቱን ለመናገር ሱቋ ያምር ነበር። አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ውስጥ የደረቀ እሾህ ትሰካና መስኮት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንተ ደግሞ ያንን ማሰሮ ቤትህ ሳትወስድ እንቅልፍ አይወስድህም። ዓይን ነበራት። እህቷን ግን ታፍርባት ነበር። መንገድ ላይ ካየቻት ወደ ማዶ ትሻገራለች።

አንድ የመኸር እሑድ ጓንቷን አጥልቃ ገበያ መጣች።

«ሎጃ፣ ሁሉንም እወስድልሻለሁ» አለቻት ሌዎካዲያን በቤት ስሟ ጠርታ።

«ምን ነካሽ? አምና የከብት መኖ ነው ስትይኝ አልነበር?»

«ያኔ ሞኝ ነበርኩ። መስኮቴ ላይ ልሰቅላቸው ነው። ብቻ ወረቀቱን እንዲህ ደማቅ አታድርጊው፤ ደብዘዝ ይበል። እንዳንቺ የሚሠራ በአገሩ የለም፣ እትዬ።»

«እትዬ» ብላ ከጠራቻት ሠላሳ ዓመት ሳያልፍ አይቀርም። ሌዎካዲያ ሸረሪቶቹን አንድ በአንድ ከመስቀያው አወረደች። በጋዜጣ ጠቅልላ ሁሉንም ሰጠቻት። በረዶ በሚጥልበት በዚያ ክረምት ገበያ መምጣት ተወች። አገዳው ጣቶቿን እየተለተላት ቀንም ማታም ስትሠራ ከረመች።

በጥር ወር በሱቁ ሳልፍ መስኮቱ ላይ አንድ ሸረሪት አየሁ። መልኩ የትምባሆ ቅጠል መስሏል። ሥሩ ባለው ወረቀት ላይ «መቶ ዓመት ያለፈው። ስሟ ያልታወቀ የሟች ገበሬ ሴት እጅ ሥራ» ይላል። ገባሁ።

«ኦቲሊያ፣ ይሄ የሎጃ አይደለም እንዴ?»

ፈገግ አለች። «ሴቬሪን፣ ያቺን ከአጎቴ ወረስኳት የምትላትን የግድግዳ ሰዓት አሁንም ትሸጣለህ? አጎት እንደሌለህ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ መሰለኝ። ሰኞ መጥቼ እወስድልሃለሁ።»

ሰኞ መጥታ ገዝታ ወሰደች። እኔም ዝም አልኩ።

ከሱቋ ጓሮ ድሮ ሥጋ የሚጨስበት የጡብ ጎጆ ነበር። ሸረሪቶቹን እዚያ ሰቅላ ለሳምንት ታጨሳቸዋለች፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ሻይ ትረጭባቸዋለች። ገዢዎቹ አፍንጫቸውን ያስጠጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «የድሮ ቤት ሽታ!» ይላሉ። ቋሊማ ነበር የሚሸታቸው። ገለባና ስስ ወረቀት መቶ ዓመት እንደማይቆይ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሥጋ ሻጩ «ኦቲሊያ ዘንድሮ ሸረሪት ታርዳለች» እያለ ያስቅ ነበር። ሳቁ ግን ሌዎካዲያ ጆሮ አልደረሰም።

በሚያዝያ የባህል ማዕከሉ ትርኢት አዘጋጀ። ዳቦ ጋጋሪው ሌዎካዲያን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አግኝቷት «ሸረሪቶችሽን አዳራሽ ሙሉ ሰቅለውልሻል» አላት። ለክፋት ይሁን ለደግነት እስከ ዛሬ አይናገርም። እሷ ግን የሚያከብሯት መሰላት። አበባ ያለበትን ሻሿን አስራ፣ ለበዓል የሚሆነውን ባለ ጥቁር ፍሬ ኬክ ጋግራ፣ በሳህን ይዛ መጣች። በር ላይ ተቀብዬ ልመልሳት እችል ነበር። ኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጬ አየኋት።

ዶክተር ሄሮኒም የሚባሉ የባህል ዕቃ አዋቂ ከዋርሶ መጥተው እየተናገሩ ነበር። «ይህችን ሴት አስቧት» አሉ። «ማንበብ አትችልም። በኩራዝ ብርሃን ትሠራለች። ዛሬ እንዲህ ያለ እጅ የለም፤ ከእሷ ጋር ተቀብሯል።»

ሌዎካዲያ ሳህኑን እንደያዘች መተላለፊያው ላይ ቆመች።

«ማን ነው የተቀበረው?» አለች።

አዳራሹ ዞረ። ኦቲሊያ ከፊት ወንበር ተነሳች።

«የሠራኋቸው እኔ ነኝ» አለች ሌዎካዲያ። «ዘንድሮ ክረምት። ማንበብም እችላለሁ።»

ኦቲሊያ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻትና ለሰዉ ፈገግ አለች። «ይቅርታ አድርጉልን። ታላቅ እህቴ ናት። ካረጀች ወዲህ አእምሮዋ እየከዳት ነው፤ ያየችውን ሁሉ የእኔ ነው ትላለች። ነይ እትዬ፣ ቤት ላድርስሽ።»

ሰዉ አዘነላት። አንዷ ሴትዮ ኬኩን ከእጇ ተቀብላ እጇን እንደ ሕፃን ደባበሰቻት። ሌዎካዲያ ዓይኗ በረድፉ ላይ ተንከራትቶ እኔ ላይ አረፈ።

«ሴቬሪን! አሥር ዓመት ከጎኔ ተቀምጠሃል። ስሠራ አይተሃል። ንገራቸው።»

ኦቲሊያ አየችኝ። ያንን የአጎቴ ሰዓት ያልኩትን ውሸት ልታወጣብኝ እንደምትችል ገባኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «እኔ... ሰዓት ነው የምሸጠው» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት።

ያኔ ሌዎካዲያ የእህቷን እጅ ከትከሻዋ አውልቃ ጣለች። ወንበር ላይ ወጥታ ትልቁን ሸረሪት ከነክሩ ነቀለችው። ጠባቂው «እባክዎ!» እያለ ሳይደርስባት የመሐሉን አበባ በጣቶቿ ፈለቀቀችው። አበባው እንዲያብጥ ውስጡ የምትጠቀጥቀው ታጥፎ የተጠቀለለ ወረቀት ነበር። አውጥታ ዘረጋችውና ለዶክተሩ ሰጠች።

«ማንበብ ይችላሉ አይደል? ያንብቡልኝ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት። ያለፈው ኅዳር የሱቅ ማስታወቂያ ነው፤ የዶሮ እግር በቅናሽ ይላል። አላነበቡትም፤ ፊታቸው ግን እንደ ቀይ ሥር ቀላ። ከትከሻቸው አሻግሮ ያየ ሰው «የዶሮ እግር!» ብሎ ጮኸ።

አሸነፈች ብዬ ብጨርሰው ደስ ይለኝ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የገዙት ሰዎች የተናደዱት በሁለቱም ላይ ነው። «እህትማማች ሌቦች» አሏቸው። አንዱ ባለ መኪና የገዛውን ሸረሪት ይዞ ሌዎካዲያ ቤት ድረስ ሄዶ አጥሯ ሥር ረግጦ ሰባበረው። የኦቲሊያ ሱቅ በሁለት ወር ተዘጋ፤ መኖሪያዋም ከሱቁ በላይ ስለነበር አብሮ ሄደ። በሰኔ ወር አንዲት ሻንጣ ብቻ ይዛ እህቷ በር ላይ ቆመች።

«ሌላ መሄጃ የለኝም፣ እትዬ።»

«ግቢ» አለቻት ሌዎካዲያ። «ገለባው ጋጣው ውስጥ ነው። መቀሱ እዚያው ነው።»

በማግሥቱ እሑድ ሁለቱም ገበያ መጡ። ሌዎካዲያ ተቀመጠች፤ ኦቲሊያን አቆመቻት። ሰው ጠጋ ባለ ቁጥር «አዲስ ነው፤ የሠራችው እህቴ ናት» ብላ ጮክ ብላ እንድትናገር አዘዘቻት።

«አልሰማሁም» ትላለች ሌዎካዲያ።

«የሠራችው እህቴ ናት።»

«ማናት እህትሽ? ያበደችዋ?»

«ያላበደችዋ።»

ወሬው ተሰማ። አጭበርባሪዋን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣ ጀመር፤ የመጣው ሁሉ እየሳቀ አንድ ሸረሪት ይገዛል። ሌዎካዲያ በሕይወቷ እንደዚያ ዓመት ሸጣ አታውቅም። የኦቲሊያ ጥፍሮች ተሰባብረው አለቁ፤ ጣቶቿ በአገዳ ተተለተሉ። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም።

ክረምቱ ሲመለስ መቆሙ ከበዳት። በየካቲት ውርጭ ከንፈሯ ጠቁሮ ሳያት ወንበሬን አነሳሁላት።

«ወንበርህን አስቀምጥ» አለችኝ ሌዎካዲያ፤ ዓይኔን እንኳ ሳታይ። «አንተ መቀመጥ ትወዳለህ።»

መልሼ ተቀመጥኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ኦቲሊያ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገባች። ሌዎካዲያ በየቀኑ አውቶቡስ እየቀያየረች በፔርሙስ ሾርባ ታደርስላት ነበር። በማንኪያም የምታጎርሳት እሷው ነበረች። ከቀብሩ በኋላ በነበረው እሑድ ብቻዋን ጠረጴዛዋን ዘረጋች። አጠገቧ ሄጄ አጽናናኋት። ከዚያች የወንበር ቃል በቀር ለአንድ ዓመት ያህል አላናገረችኝም ነበር፤ ያን ቀን ግን ተናገረች።

«ይቅር በይኝ አለችኝ» አለች። «ሐሙስ ዕለት።»

«ምን አልሻት?»

«መጀመሪያ ሾርባሽን ጠጪ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ ልላት ነበር እኮ። እሑድ ልላት አስቤ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ እንድትጠብቅ ፈለግሁ።»

«እና?»

«ቅዳሜ ጠዋት ሞተች።»

አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ሸረሪቶቹን ቀና ብላ ስታይ ቆየች። ያቺ አጭበርባሪ የሠራችው ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ አሁን እሱ ብርቅ ነው ብላ። ሌዎካዲያ ከካርቶኑ ሥር አንድ የተንጋደደ፣ አበባው ያለልክ የታሰረ የኦቲሊያ ሸረሪት አወጣች። ለረጅም ጊዜ ያየችው መሰለኝ። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልላ ሸጠችው።