አባቴ ከነጫማው የዋኘ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄን ዋና ላስመዘግብ ክሪስታል ሲቲ ወዳለ መዋኛ ወስጃት ነበር። በሩን ስከፍት ያ ሞቅ ያለ የክሎሪን ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ወዲያው ደሜ ፈላ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና "ማሚ፣ አር ዩ ማድ?" አለችኝ። አዎ፣ ተናድጄ ነበር። ነገሩ ካለፈ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ከክሪስታል ሲቲ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ከጀርባው በአጥር የተከለለ መዋኛ ባለው አፓርትመንት ውስጥ ነበር። አባቴ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ "መራመድና መዋኘት የጀመርኩት አንድ ላይ ነው" ይል ነበር። ያን ሰመር እኔንም ማስተማር ጀምሮ ነበር። በጀርባዬ ያስተኛኝና መዳፉን ከወገቤ ሥር አድርጎ "ውሃውን አትታገይው፤ ይሸከምሻል" ይለኛል። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ስለሚሆን ድምፁ ከሩቅ አገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሲሚንቶው ባዶ እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት፣ አባቴ ከሚሠራበት ፓርኪንግ በቀጥታ መጣ። የሥራ ልብሱንና ጥቁር ጫማውን እንዳደረገ ገንዳው ዳር ቆሞ ሲያጫውተኝ ወሬውን አቋርጦ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ። ከኋላዬ፣ በጥልቁ በኩል፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን ትንሽ ልጅ አናቱ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል። አይጮህም። ማንም አላየውም። አባቴ ከነጫማው ዘለለ።

አውጥቶ በጎኑ አስተኛው። ልጁን ሳል ያዘው፣ ውሃ አስመለሰው፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። በገንዳው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዋናተኞችን እንዲጠብቅ የተቀጠረው፣ የሃይስኩል ተማሪ የሆነው ላይፍጋርድ ስልኩን እንደያዘ ከወንበሩ ወርዶ የመጣው ይሄኔ ነው። የልጁ እናት በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ስትገባ ዞራ እንኳ አላየችንም። "ደንግጣ ነው" አለኝ አባቴ። ከጫማው ውስጥ ውሃ እየደፋ ይስቅ ነበር።

ማክሰኞ ደብዳቤ መጣ። ከመዋኛ ልብስ ውጭ ገንዳው ውስጥ ስለገባችሁ የቤተሰቡ የመዋኛ መግቢያ ፓስ ሰመሩ እስኪያልቅ ታግዷል ይላል። አባቴ ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ወደ አፓርትመንቱ ኦፊስ ሄደ።

"ልጁ ደህና በመሆኑ ደስ ብሎናል" አለች ማናጀሯ። "ደንቡ ግን ለሁሉም እኩል ነው።"

"ልጁ እየሰመጠ የጫማ ክር ልፍታ ኖሯል? በያት" አለኝ አባቴ። አልኳት።

"ላይፍጋርዱን መጥራት ነበረበት።"

ላይፍጋርዱማ ስልክ ያወራ ነበር ልላት አፌን ስከፍት አባቴ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። እንግሊዝኛው ያን ያህል ባይሆንም "ላይፍጋርድ" የምትለዋን ሰምቷታል።

"እሱን እንዳታነሺ። ልጅ ነው፤ ከሥራ ያስወጡታል።"

"ጥፋቱ እኮ የሱ ነው!"

"ተይው አልኩሽ።"

ተውኩት። ማናጀሯ ምን እንደተባባልን እንኳ አልጠየቀችም፤ ፈገግ ብላ በሩን ከፈተችልን። እነዚያ ሲያጨበጭቡ የነበሩት ጎረቤቶችስ? አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ኦፊስ ገብቶ "ኧረ ይሄ ነገር ልክ አይደለም" አላለም። ከመስኮታችን ሆኜ ሲንቦጫረቁ እያየኋቸው ሰመሩ አለቀ።

የዚያን ዕለት ከኦፊስ እንደወጣን አባቴ ወደ ቤት አልወሰደኝም። ኮቱን ለብሶ ስለነበር ይሆናል፣ ገብተንበት ወደማናውቀው፣ ወንዙ ዳር ወዳለው ምግብ ቤት ይዞኝ ሄደ። ጀልባዎቹ ገመዳቸውን እየሳቡ ሲጢጢ ይላሉ፤ የማታዋ ጸሐይ ውሃው ላይ ተኝታለች። ዓሣ አዘዘ። ጭንቅላትም እሾህም የሌለው ቁራጭ ሲመጣለት በሹካ ገልበጥ አድርጎ አየውና "ይሄ እንኳ ዋና የሚያውቅ አይመስለኝም" አለ። ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅኩም።

"ለምን ዝም አልክ?" አልኩት። "ምን አጠፋን?"

"ያን ከውሃ ያወጣሁትን ልጅ ዛሬ ጠዋት አየሁት" አለኝ። "ብስክሌት ሲነዳ። እጁን አወዛወዘልኝ።"

ለሱ ነገሩ እዚያ ላይ አልቋል።

በዓመቱ ቤት ቀይረን ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን፤ የገባንበት ሕንፃ መዋኛ የለውም። አባቴ ሁለት ፈረቃ መሥራት ጀመረ፤ እኔም ዋናውን ሳልማር ቀረሁ። እሱ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። ስለ ማናጀሯ፣ ስለ ደብዳቤው፣ ስለ ጎረቤቶቹ ዛሬም ብትጠይቁኝ እበግናለሁ። ግን ሌሊት የሚያንገበግበኝ እነሱ አይደሉም። ያን ቀን አባቴ ዓሣውን ከሁለት ቆርጦ ትልቁን ሳህኔ ላይ አደረገልኝ። "ብዪ እንጂ እናቴ፣ ይቀዘቅዛል" አለኝ። እኔ አኩርፌ ፊቴን ወደ ወንዙ አዞርኩ። ለነሱ የሚገባውን ኩርፊያ ለሱ ሰጠሁት። ጥቂት ጠበቀኝ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ብቻውን በላ።