በጸሎት መሃል የተነሳው ባቡር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እኔ ካናዳ፣ ካልጋሪ መሥሪያ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ ጀርመን አገር ባቡር ውስጥ ሆና፣ በአንድ ስልክ የተጨነቅንበት ምሳ ሰዓት ነው። እስካሁን ሳስታውሰው ብቻዬን እስቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ያልሰማው ሰው የለም፤ የሰማው ሁሉ ግን የየራሱን እየጨመረ ስላበላሸው፣ ትክክለኛውን ከባለቤቱ ስሙ ብዬ ጻፍኩት።

ሥራዬ ዲስፓቸር ነው። የትኛው የጭነት መኪና የት እንደሚሄድ፣ የትኛው ሹፌር መቼ እንደሚያርፍ፣ መንገድ ሲዘጋ በየት እንደሚዞር የምወስነው እኔ ነኝ። ስለዚህ እማዬ “አውሮፓ ያሉትን ዘመዶቼን ሳላይ እንዳልሞት” ስትል፣ ለሌላ ሰው ራስ ምታት የሚሆነው ነገር ለእኔ ሰርግና ምላሽ ነበር።

ኤሪን ውድስ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ላፕቶፔን ከፍቼ ማታ ማታ አጠናሁት። የአውሮፓ የባቡር ፓስ የሚባል አለ። አንዴ ከገዛችሁት በተፈቀደላችሁ ቀናት ከአገር አገር እየዞራችሁ ትሳፈራላችሁ። የሌሊት ባቡር ሲሆን ግን ፓሱ ብቻውን አይበቃም፤ አልጋውን ለብቻው ማስያዝ ያስፈልጋል፣ እሱም ቶሎ ያልቃል። ይሄን የማያውቅ ሰው ፓሱን ታቅፎ ይቀራል። እኔ ግን ለእማዬና አብረዋት ለሚሄዱት ጓደኛዋ ለእትዬ ወይንሸት የሴቶች ክፍል ያዝኩ፤ ያውም ሁለቱንም የታችኛውን አልጋ። በዚህ ዕድሜያቸው መሰላል አይወጡልኝም።

መንገዱ እንዲህ ነበር። በአውሮፕላን እስከ አምስተርዳም ይሄዳሉ። ከዚያ በባቡር ተኝተው አድረው ጠዋት ሙኒክ ይደርሳሉ። እዚያ የእማዬ ሟች እህት ልጅ ዳዊት ጋ ይውሉና፣ ማታውኑ በሌላ የሌሊት ባቡር ሮም፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም ዘንድ ይሄዳሉ። አንድም ሆቴል የለበትም። በበኩሌ እንከን አላገኘሁበትም፤ ዛሬም ፕላኑ ላይ ስህተት የለም ብዬ እከራከራለሁ።

ልምምድም አድርገናል፤ አትሳቁ። አንድ ቅዳሜ ሻንጣቸውን አስይዤ ዳውንታውን ወሰድኳቸው። ሰባተኛ አቬኑ ላይ ሲትሬይን የሚባለው የከተማው ባቡር በመጣ ቁጥር “ሻንጣ መጀመሪያ፣ እግር ቀጥሎ! ባቡር ሰው አይጠብቅም!” እያልኩ ደጋግሜ አሳፈርኳቸው። እትዬ ወይንሸት “ልጄ፣ ወታደር ቤት ልታስገቢን ነው እንዴ?” ብለው እስኪደክማቸው ሳቁ። መሳፈሩን አሳምሬ አስተማርኳቸው። የሸኚው ነገር ግን በሐሳቤም አልመጣም።

እኛ ሰው ስንሸኝ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በር ላይ ቻው ብሎ መመለስ አያምርብንም። ሻንጣውን ሰቅለን፣ መንገደኛውን አስቀምጠን፣ “ምን ጎደለ?” ብለን ጠይቀን ነው የምንሄደው። ኤርፖርት ላይ ሸኚውን የሚመልስ ጥበቃ ስላለ ችግር የለም። እዚያ ባቡር ላይ ግን ማንም ዘው ብሎ ይገባል፤ የሚጠይቀው የለም። በዚያ ላይ ደግሞ ጴንጤዎች ነን፤ ሳንጸልይ አንለያይም።

ዳዊት በዚያ ሰሞን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ተቀጥሮ ገና ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜው ላይ ነበር። ለዚያ ሥራ ሲል ቋንቋውን ስንት ዓመት ተምሯል፣ ፈተናውን ወድቆ እንደገና ተቀምጧል። ጉዞውን ስናወራ አንድ ነገር አደራ ብሎኝ ነበር። “በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሺፍት አለኝ። አሁን አንድ ቀን ብቀር አለቀልኝ፣ ያሰናብቱኛል” አለኝ። አታስብ፣ የምሽቱን ባቡር ሸኝተህ በጊዜ ትተኛለህ አልኩት።

ያን ቀን ዴስኬ ላይ ምሳዬን ልከፍት ስል እማዬ ደወለች። እነሱ ጋ ምሽት ነው። ተሳፈሩ ማለት ነው ብዬ በኩራት አነሳሁት።

“ተሳፈራችሁ?”

“ተሳፍረናል፣ ጌታ ይመስገን! አልጋው ደግሞ እንዴት ይመቻል። ዳዊትም እዚሁ አጠገቤ አለ።”

“እሺ፣ አሁን ቶሎ ይውረድ፤ ሊነሳ ነው።”

“ተነስቷል እኮ” አለችኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዳዊት ሻንጣቸውን ሰቅሎ ሲጨርስ እማዬ እጁን ያዘች። ሦስቱም ተያይዘው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማዬ ስትጸልይ አጭር የሚባል ነገር አታውቅም። ካናዳን ባረከች፣ ጀርመንን ባረከች፣ የባቡሩን ሹፌር በጌታ እጅ አስረከበች፣ ለዳዊት ሚስት ለመነች። እትዬ ወይንሸት በየመሃሉ “አሜን!” እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። ፊሽካ ቢነፋስ ማን ይሰማዋል? የአውሮፓ ባቡር ደግሞ ሲነሳ አያንገጫግጭም፣ ሹልክ ነው የሚለው። ዓይናቸውን ሲገልጡ የጣቢያው ምሰሶዎች ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር።

የዳዊት ስልክና ጃኬት መኪናው ውስጥ ነው። መኪናው ጣቢያው በር ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው።

ምሳዬን ወደ ጎን ገፋሁት። ዴስኬ ላይ ሁለት ስክሪን አለ፤ አንዱን ለካልጋሪ መኪናዎች ትቼ በሌላው የጀርመን ባቡሮችን ከፈትኩ። የሚቀጥለው ፌርማታ ድንበር አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ ወደ ሙኒክ የሚመለስ ባቡር አገኘሁ። ደስታዬ ግን ወዲያው ጠፋ። በሐዲድ ጥገና ምክንያት የዚያ ምሽት የመጨረሻው እሱ ነው፤ የሚነሳው ደግሞ የእነ እማዬ ባቡር ከመድረሱ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው።

ዳዊት ስልኩን ተቀበለ። “በቃ፣ ሥራዬ ሄደ” አለ።

“አልሄደም። ተቆጣጣሪውን ጥራልኝ።”

እንዲህ ስል ለሰማኝ ሰው ደንገጥ ያላልኩ እመስላለሁ። በልቤ ግን ራሴን እየወቀስኩ ነበር። ባቡሩን የመረጥኩት፣ በጊዜ ትተኛለህ ያልኩት እኔ ነኝ።

ተቆጣጣሪዋ ሴት ናት፤ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ትኬት የሌለው ሰው ያዝኩ ብላ ኮስተር ብላለች። እኔም ዲስፓቸር እንደሆንኩ ነገርኳት። ሹፌር ጠዋት ሲቀር ምን እንደሚከተል አንቺም እኔም እናውቃለን፣ ይሄ ሰውዬ ነገ የሕዝብ አውቶቡስ የሚነዳ ነው፣ ያንን የመጨረሻ ባቡር ጥቂት ደቂቃ ማስጠበቅ ይቻላል ወይ አልኳት።

“ለመሆኑ ሳይወርድ ምን ሲያደርግ ነበር?” አለችኝ።

“ሲጸልይ” አልኳት።

ሳቋን ሰማሁት። “እደውልላቸዋለሁ፤ ቃል ግን አልገባልሽም” ብላ ስልኩን ለእማዬ መለሰችላት። እማዬም “በይ አሁን ዝጊው፣ ባትሪዬን ጨረስሽው” አለችኝ።

ያቺ አንድ ሰዓት እንዴት እንዳለፈች እኔ ነኝ የማውቀው። ለአንድ ሹፌር የተሳሳተ አድራሻ ሰጥቼ ራሱ አረመኝ። በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። በመጨረሻ እማዬ ደወለች። “ወረደ! እየሮጠ ነው!” እያለች ትጮሃለች። ባቡሩ ጠብቆታል ወይ ብላት ማየት አልቻለችም፤ የእነሱ ተነስቷል። ዳዊት ስልክ የለውም። ከዚህ በኋላ የሚነዳ መኪና፣ የሚከፈት ስክሪን፣ የምሰጠው ትእዛዝ አልነበረኝም። ጸለይኩ፤ ያውም አጭር።

ዳዊት የደወለው መኪናው ውስጥ ገብቶ ነው። ባቡሩ ቆሞለታል። የዚያኛው ባቡር ሠራተኛ በሩ ላይ ቆሞ በእጁ “ና፣ ና” እያለ ጠርቶታል። ጮህኩ፤ ቢሮው በሙሉ ዞሮ አየኝ። እሱ ግን እንደ እኔ አልጮኸም። ያለቅስ ነበር።

ምን ሆነህ ነው ስለው ያቺን ሰዓት ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ የሙኒክ ምእመናን እየገቡ እየወጡ፣ ከእማዬ ጋር ለብቻቸው አንድ ቃል አላወሩም። ባቡሩ ውስጥ ግን የሚቀርብ ምግብ፣ የሚጠራ ስልክ የለም። እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ስለ እናቱ አወራችው። አክስቴ ስትሞት ዳዊት ወረቀቱ ስላላለቀ ለቀብሯ አልሄደም። እስከዚያ ማታ ድረስ እናቱ ተቀይማው እንደሞተች ነበር የሚያስበው። እናቱ ስትሞት ግን እማዬ አልጋዋ አጠገብ ነበረች። “እንዳይመጣ ከልክሉት፣ የጀመረውን ይጨርስ፣ እኔ ልጄን መርቄዋለሁ” ብላ እናቱ እንደተናገረች ነገረችው። የሚያውቀው መስሏት ነበር እስከዛሬ ያልነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓቱን አክብሮ ሥራው ላይ ተገኘ። ፕሮቤሽኑንም ጨርሶ ዛሬ ቋሚ ሹፌር ነው።

እኔም ፕላን ማውጣቴን አልተውኩም፤ ይልቅ ብሶብኛል። የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ አልጋችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ ጸሎታችሁንም መሬት ላይ ጨርሱ እላለሁ። ያን ቀን ትዝ ሲለኝ የሚሰማኝ ግን ኩራት ብቻ አይደለም። ያንን ሁሉ ሰዓትና መስመር ስገጣጥም፣ ዳዊት ከአክስቱ ጋር ቁጭ የሚልበት ጊዜ እንደሚያስፈልገው አላወቅኩም ነበር። ያለ እኔ ፕላን አገኘው፤ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ እማዬን ይዤ እኔው ራሴ እሄዳለሁ። ሙኒክ ላይ አንድ ሳምንት እንቆያለን፤ ምንም ፕሮግራም አልያዝኩበትም። ዳዊት ግን አንድ ነገር ለምኖኛል። ወደ ሮም የምንሳፈር ማታ ለእሱም ትኬት እንድቆርጥለት ይፈልጋል፤ እስከዚያች ትንሽ ከተማ ድረስ ብቻ።