ከአጥር ማዶ የጣልኩት ቅጠል

ባለፈው ወር ጂንካ ውስጥ፣ አስፋልቱ መሃል ያንን አበባ ሲተክሉ አየሁ። ሮዝ ቀለሙ፣ ቀጭን ረጅም ቅጠሉ ያው ነው። ትክክለኛ ስሙን ዛሬም አላውቀውም፤ እኛ የፈረንጅ አበባ እንለው ነበር።

ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ ገና ለጋ አስተማሪ ሳለሁ ሐመር አገር፣ ዲመካ ተመደብኩ። ከአርባ ምንጭ አንድ ዘንግ ይዤ ሄድኩና በጠርሙስ ውሃ ሥር አስወጥቼ ደጃፌ ላይ ተከልኩት። የልብስ እጣቢ እያጠጣሁ አሳደግኩት። በበጋ አገሩ አቧራ ለብሶ ሲቃጠል እሱ ብቻ አረንጓዴ ነበር። የሚያልፍ ፍየል ሁሉ አሽትቶ ይተወዋል። እኔ ሞኝ፣ አጥር የማይፈልግ አበባ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

አበባው ሲረግፍ ከረከምኩትና፣ ባደግኩበት አገር እንደማደርገው፣ ቅርንጫፉን ከአጥር ማዶ ወረወርኩት። ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ዱካ ነበረች፤ ሕፃኗን በአንዲት ፍየል ወተት የምታሳድግ የሐመር ሴት። በማግስቱ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣

"አስተማሪ፣ ቅጠል ሰጠሽኝ። እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ።

በዚያ የድርቅ ወር አረንጓዴ ነገር የሚጥል ሰው የለም፤ ማዶ ከመጣ ስጦታ ነው። እኔም ሳልሰጥ መመስገኑ ጣፍጦኝ "ምንም አይደል" አልኳት።

ፍየሏ ቀኑ ሳይመሽ ሞተች። ላጽናናት ስሄድ የጠወለገ ቅጠል ከፍየሏ አፍ ላይ አየሁ። ዘንጉን የሰጠኝ ሰው "ከቆረጥሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ" ማለቱ ያኔ ትዝ አለኝ። ቅጠሉ መርዝ ነበር፤ ፍየል እርጥቡን አሽትቶ ቢተወውም፣ ሲጠወልግ ሳያውቀው ይበላዋል።

"የገደለቻት እህቴ ናት" አለች ዱካ። "ጉሎ ትላንት መጣች። የፍየሏን ጡት ነካች፣ 'እንዴት ሞላ' አለች። ዓይኗ ነው።"

መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ፤ የሰው አገር ነው፣ ብቻዬን ነኝ። አፈርኩም። አበባውን ነቅዬ ሽንት ቤት ጉድጓድ ጨመርኩት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቅል ይሸጡ የነበሩት እህትማማቾች ግን ከዚያ በኋላ አንዷ ከገበያው ዳር፣ አንዷ ከሌላው ዳር ሆኑ። ዝውውሬ እስኪመጣ በየሳምንቱ በመሃላቸው እያለፍኩ ሽንኩርት ገዛሁ።

በቀደም በሚኒባስ ዲመካ ወረድኩ። ዱካ ሸብታለች። ሁሉንም ነገርኳት።

"ጉሎ ሞተች" አለች። "አራት ክረምት ሆነ። ሳንታረቅ። አሁን ይሄን ለማን ልንገር?"

እውነቱን የተናገርኩት ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን የራሴን ሸክም ነው ያራገፍኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ዱካ የሞተችባት ክፉ እህት ነበረች። እኔ ሄጄ ከነገርኳት በኋላ ግን ደግ እህት ሞተችባት።